ዋስ የሌለበት አገር

«በዚያን ዘመን ከበሩ 15 ኪሎ ሜትር ርቀን ነበር የምንወርደው» አለኝ ሽማግሌው። ሽማግሌ ያልሁት እኔ ነኝ እንጂ ዕድሜው ከ50 የሚበልጥ አይመስለኝም፤ ፊቱን አይቼው፣ ድምፁንም ሰምቼው አላውቅም። የምንነጋገረው በጽሑፍ ነበር። እርሱ በሰሜን አውሮፓ ከሚገኝ ቤቱ፣ እኔ አዲስ አበባ ከተከራየኋት ክፍል፣ መርከቦቻችንን አንድ የኅዋ ጣቢያ ውስጥ አቁመን ስለ ድሮው ዘመን እናወጋ ነበር። በእርግጥ የሚያወጋው እርሱ ነው፤ የእኔ ድርሻ መጠየቅ ነበር።

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ኢቭ ኦንላይን የሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ በኢንተርኔት የሚካሄድ ሲሆን፣ የሚካሄድበት ዓለም ኒው ኤደን ይባላል፤ አዲሲቱ ኤደን ማለት ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት የሰው ልጆች ኢቭ በተባለ የተፈጥሮ በር አልፈው ወደ ሩቅ ከዋክብት ይሻገራሉ፤ በኋላም በሩ ፈርሶ ከተወለዱባት ምድር ለዘለዓለም ይቆረጣሉ። ከእነዚያ ቅሪቶች አማር፣ ካልዳሪ፣ ጋሌንቴና ሚንማታር የተባሉ አራት መንግሥታት ይነሣሉ። ከ5000 በላይ የከዋክብት ሥርዓቶች ያሉት ይህ ዓለም ዋና ልዩነቱ አንድ መሆኑ ነው። ሌሎች የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ዓለማቸውን በብዙ ቅጂ አባዝተው ተጫዋቹን ይከፋፍሉታል። እዚህ ግን፣ የራሷ ሰርቨር ካላት ከቻይና በቀር፣ ሁሉም በአንድ ሰማይ ሥር ነው። ዛሬ የሰረቀህን ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ገበያ ላይ ታገኘዋለህ። ታሪክ ሊኖረው የቻለው፣ በእኔ ግምት፣ በዚህ ምክንያት ነው።

እኔ የገባሁት እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ፣ ያለ ክፍያ መጫወት በተፈቀደ ሰሞን ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። ሽማግሌው ግን በሩ የተከፈተ ዕለት፣ ሜይ 6 ቀን 2003 ጀምሮ ነበረ። በመካከላችን 13 ዓመት አለ። በኒው ኤደን 13 ዓመት ማለት በእኛ ዘንድ የጣልያንን ወረራ በዓይኑ ካየ አርበኛ ጋር እንደ መቀመጥ ያለ ነገር ነው።

የጨዋታው ሥር ከዚያም ይርቃል። በ1984 ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የተባሉ ሁለት የካምብሪጅ ተማሪዎች «ኢሊት» የተሰኘ ጨዋታ አወጡ። በትንሿ የዘመኑ ኮምፒዩተር ማስታወሻ ውስጥ እያንዳንዳቸው 256 ከዋክብት ያሏቸው 8 ጋላክሲዎች አኖሩ፤ ተጫዋቹም በ100 ክሬዲት መነሻ ከአንዱ ፕላኔት ምግብ ገዝቶ ለሌላው እየሸጠ፣ ሽፍታ ሲያጋጥመው እየተኮሰ ይኖራል። ግብ የለውም፤ መኖር ብቻ ነው። ያንን ጨዋታ በልጅነታቸው የወደዱ አይስላንዳውያን በ1997 በሬይካቪክ ሲሲፒ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ገንዘብ ስላልነበራቸው በመጀመሪያ ያሳተሙት «ሃይቱስፒል» የተባለ፣ በጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት የካርቶን ጨዋታ ነው። እርሱ ተሸጦ ኅዋውን ሠራ። ይህን ስሰማ፣ እናቴ እንጀራ ሸጣ ስላስተማረችኝ ይሆናል፣ ደስ አለኝ።

ወደ 15 ኪሎ ሜትሩ ልመለስ። በኒው ኤደን ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው የሚኬደው በኮከብ በሮች ነው። መርከቢቱ ከብርሃን በፈጠነ ጉዞ ወደ በሩ ትወነጨፋለች፤ በዛሬው ሥርዓት አፍንጫዋ በሩን ነክቶ ትቆማለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ከበሩ 15 ኪሎ ሜትር ላይ ትወርድና የቀረውን በራሷ ሞተር ታዘግማለች። ከባድ ጭነት የያዘች መርከብ ያቺን 15 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ደቂቃዎች ይፈጅባታል። ሽፍቶቹ የሚጠብቁት እዚያች ክፍተት ውስጥ ነበር። በ2003 የበጋ ወራት ሙ የሚባሉ ጥቂት ሽፍቶች የሕዝብ መተላለፊያ የሆነውን መንገድ ዘግተው ወጪ ወራጁን ሲፈጁ፣ መጨረሻ ላይ የጨዋታው ባለቤቶች ራሳቸው ጣልቃ ገብተው መንገዱን አስከፈቱ። ሽማግሌው ያንን ሲያወራ ገና እልኹ አልበረደለትም። ሽፍቶቹን ሳይሆን ባለቤቶቹን ነው የሚወቅሰው። «እኛ እናስለቅቃቸው ነበር፤ ትንሽ ጊዜ ብቻ ነበር የቀረን» ይላል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ግን አንጋፋ ሁሉ እንዲህ ሳይል የሚቀር አይመስለኝም።

ታዲያ ሰዎቹ ለ15 ኪሎ ሜትሯ መላ አበጁላት። ከበሩ ኋላ 15 ኪሎ ሜትር ርቆ ባዶ ኅዋ ላይ የቦታ ምልክት ታስቀምጣለህ፤ ከዚያ ወደ በሩ መሆኑ ቀርቶ ወደ ምልክትህ ስትወነጨፍ፣ መርከቢቱ እንደ ልማዷ 15 ኪሎ ሜትር ቀድማ ስትቆም ልክ በሩ ላይ ታርፋለች። አንድ ምልክት ለማስቀመጥ ግን ለአንድ በር፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ያንኑ ያህል ርቀት ቀዝፎ መሄድ ግድ ነው፤ በሮቹ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። ሽማግሌው አንድ ክረምት ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራም። ከሥራ እየተመለሰ፣ እራቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣ ባዶ ቦታ እየሄደ ምልክት ሲተክል ከረመ። ከዚያ ቅጂውን አባዝቶ ሸጠ፤ የመጀመሪያ ሀብቱም እርሱ ሆነ። በ2006 መጨረሻ ባለቤቶቹ ሕጉን ለውጠው ማንም ሰው በቀጥታ በሩ ላይ እንዲያርፍ ሲያደርጉ ያ ሁሉ ሸቀጥ በአንድ ቀን ዋጋ አጣ።

የማዕድን ቁፋሮውም እንዲሁ ነበር። የመርከቧ ሆድ ቶሎ ስለሚሞላ ቆፋሪው ማዕድኑን በኮንቴይነር እያደረገ ወደ ኅዋ ይጥለዋል፤ አንዱ ኮንቴይነር የትንሽ መርከብን ሆድ ብዙ እጥፍ ይይዛል። በኋላ ትልቅ መርከብ ይዞ መጥቶ ይጭነዋል። በመካከሉ ታዲያ ሌላው መጥቶ ይወስድበታል። በመጀመሪያው ዘመን ይህ ሌብነት ቅጣት አልነበረውም፤ ያንተን ማዕድን ሲጭን በዓይንህ እያየህ ብትተኩስበት የምትቀጣው አንተ ነህ። ሽማግሌው አንዱን ሌባ በልመና አሸነፍሁት ይላል። ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ ልጁ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ አገሩ ጨለማ ክረምት እያወራ አሰልችቶት ሌባው ግማሹን መልሶለት ሄደ።

ከሁሉ ያሳቀኝ ግን የትምህርቱ ነገር ነው። በኒው ኤደን ሙያ የሚገኘው በመታገል ሳይሆን በጊዜ ነው። አንድ ሙያ እንዲማር ታዝዘዋለህ፤ ኮምፒዩተርህን ዘግተህ ብትተኛም ይማራል፤ አንዳንዱ ሰዓታት፣ አንዳንዱ ሳምንታት ይወስድበታል። ነገር ግን እስከ ማርች 2009 ድረስ ተከታዩን ሙያ በወረፋ ማስያዝ አይቻልም ነበር። የጀመርኸው ሙያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ካለቀ፣ ተነሥተህ ካልለወጥኸው እስኪነጋ ያለው ጊዜ ይባክናል። ስለዚህ በአውሮፓም በአሜሪካም ያሉ ጎልማሶች የደወል ሰዓት እየሞሉ፣ ለኪዳን እንደሚነሣ ካህን በውድቅት ሌሊት እየተነሡ፣ አንድ ቁልፍ ተጭነው ተመልሰው ይተኙ ነበር። የሽማግሌው ሚስት ደወሉን በሰማች ቁጥር ሕፃኑ ያለቀሰ እየመሰላት ትነሣ ነበር። ልጁ እያደገ ሲመጣ እርሷ መነሣቱን ተወች፤ እርሱ አልተወም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ገንዘብ እቀበላለሁ፣ እከፍላለሁ፣ ማታ ሂሳብ እዘጋለሁ። ወደዚህ ጨዋታ የሳበኝም ውጊያው አልነበረም። በ2009 በዜና አውታሮች የወጣውን የአንድ ባንክ ታሪክ ከዓመታት በኋላ አንብቤ ነው።

የኒው ኤደን መገበያያ አይ ኤስ ኬ ይባላል። የአይስላንድ ክሮና ዓለም አቀፍ ምልክትም ይኸው ነው፤ ሠሪዎቹ የቀለዱት ቀልድ ነው። ኮንኮርድ የሚባል የኅዋ ፖሊስም አለ፤ ግን በማዕከላዊው ቀጠና ብቻ የሚሠራ፣ ደግሞም የሚቀጣ እንጂ የማያድን ነው። ገዳይህን ያጠፋልሃል፤ አንተ ግን ሞተሃል። በመጀመሪያ ዘመን ደካማ ስለነበረ የሚቋቋሙትም አልጠፉም። ከዚህም የባሰ የሚገርመኝ የመድኑ ሥርዓት ነው። ሰላማዊውን ነጋዴ ገድሎ መርከቡ በፖሊስ የጋየበት ሽፍታ፣ እስከ 2011 መጨረሻ ድረስ፣ የመድን ካሣውን እጅ በእጅ ይቀበል ነበር። ይህን ለመድን ድርጅት ለሚሠራ ጓደኛዬ ብነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሲያስብ ቆይቶ «አረቦኑ ስንት ነበር?» አለኝ።

ጥይትን እንጂ እምነት ማጉደልን ግን ፖሊሱ ጨርሶ አያይም። ማጭበርበር፣ አደራ መብላት፣ የማኅበር ካዝና ይዞ መኮብለል በኒው ኤደን ሕግ የተፈቀደ ነው። በኤፕሪል 2005 ጋይዲንግ ሃንድ ሶሻል ክለብ የተባሉ ቅጥረኞች ኡቢኳ ሴራፍ የተባለውን ማኅበር ያጠፉበት ታሪክ የታወቀ ነው። አንድ ደንበኛ በ1 ቢሊዮን አይ ኤስ ኬ ቀጠራቸው፤ የፈለገው የማኅበሩን መሪ ሬሳ ነበር። ሰላዮቹ እንደ ማንኛውም አባል ገብተው ከ10 ወር በላይ አብረው ሠሩ፣ አብረው ተዋጉ፣ አንዱ የመሪዋ ምክትል እስከመሆን ደረሰ። ቀኑ ሲደርስ በአንድ ምልክት በየጣቢያው ያሉት መጋዘኖች በአንድ ጊዜ ተራቆቱ፤ መሪዋም በዓለሙ ሁለት ብቻ ከነበሩት ልዩ መርከቦች በአንዱ ላይ እንዳለች በገዛ ምክትሏ እጅ ወደቀች። የጠፋው ንብረት ወደ 30 ቢሊዮን አይ ኤስ ኬ፣ በእውነተኛው ገንዘብ ሲሰላ 16,500 ዶላር ገደማ ነበር። ጋዜጦቹ የጻፉት ስለ ገንዘቡ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ያ 10 ወር ነው። በየምሽቱ «እንደምን አመሸሽ» እየተባባሉ 10 ወር!

እንዲህ ባለ አገር ባንክ እንዴት ይቆማል? እኛ እቁብ እናውቃለን። እቁብተኛ ዕጣ ሲወጣለት ዳኛው «ዋስ ጥራ» ይለዋል፤ ዋሱም ሰፈሩ የሚያውቀው፣ ቤቱ የሚታወቅ ሰው ነው። የእቁብ መሠረቱ ገንዘቡ አይደለም፤ ሰውየው ነገም እዚያው ሰፈር ውስጥ እንደሚውል መታወቁ ነው። ኒው ኤደን ውስጥ ዋስ የለም። ሁሉም ስሙን ጥሎ በሌላ ስም ነገ መምጣት ይችላል። ቢሆንም ሰዎች ባንክ አቋቋሙ። በ2006 «የኢቭ ኢንተርጋላክቲክ ባንክ» የተባለው ለወራት ተቀማጭ ሲሰበስብ፣ ወለድም ሲከፍል ቆይቶ፣ መሥራቹ በራሱ አፍ እንደተናገረው 790 ቢሊዮን አይ ኤስ ኬ ይዞ ጠፋ፤ በቪዲዮም ወጥቶ በደንበኞቹ ላይ ተሳለቀ። ባለቤቶቹ ሕግ አልተጣሰም ብለው ተዉት።

ሰው ከዚያ በኋላ ይማራል ይባላል። አልተማረም፤ ወይም የተማረው ሌላ ነገር ነው። «ኢባንክ» የተባለው ሲቋቋም ቦርድ፣ ሥራ አስኪያጆች፣ የሂሳብ መዝገብ ነበረው፤ የቀድሞውን ስሕተት እንዳይደግም ተብሎ። ሽማግሌውም 4 ቢሊዮን አስቀመጠ፤ ከቦታ ምልክቶቹ ሽያጭ የተረፈችውን ጭምር። የሚገርመው፣ እርሱ ቁጠባውን ባስቀመጠበት ዘመን ጨዋታው በተሠራበት አገር ያሉት እውነተኛ ባንኮች ወደ ገደሉ እያመሩ ነበር። በኦክቶበር 2008 በአንድ ሳምንት ውስጥ ግሊትኒር፣ ላንድስባንኪና ካውፕቲንግ፣ ሦስቱም ታላላቅ የአይስላንድ ባንኮች ወደቁ። ቦርድ ነበራቸው፣ ኦዲተር ነበራቸው፣ ፖሊስም ነበረ። ሲሲፒ ግን የሚሸጠው ለውጭ አገር ሰው ስለነበረ ማዕበሉን ተሻገረው፤ በማግስቱ ዓመት የጨዋታው ከፋይ ደንበኞች ቁጥር ከ300,000 አልፎ የአይስላንድን ሕዝብ ቁጥር ተጠጋ። ድርጅቱ ከ2007 ጀምሮ ኤይዮልፉር ጉድሙንድሶን የተባለ የኢኮኖሚ ምሁር ቀጥሮ የኒው ኤደንን ገበያ እንደ ማዕከላዊ ባንክ በየሩብ ዓመቱ ያስመረምር ነበር። ቀልድ የነበረው የገንዘብ ስም ቀልድነቱ ቀረና ከሁለቱ አይ ኤስ ኬዎች የትኛው ይበልጥ የተረጋጋ ነው የሚል ጥያቄ ሆነ።

በ2009 አጋማሽ የኢባንክ ዋና ሥራ አስኪያጅ 200 ቢሊዮን አይ ኤስ ኬ ወሰደ። አውስትራሊያዊ ነው፤ ዕድሜው 27። የወሰደውን ለጥቁር ገበያ ነጋዴ ሸጦ 6,300 የአውስትራሊያ ዶላር አገኘ። ለቤት መግዣ ቅድሚያ ክፍያና ለታመመ ልጁ የሕክምና ዕዳ ነበር የፈለገው። ወሬው ሲሰማ አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት ተሻሙ፤ ባንኩም በኋላ ሂሳቦቹን አገደ። ሰውየው ለጋዜጠኞች ሲናገር በሥራው እንደማይኮራ፣ ነገር ግን በዚያው ችግር ውስጥ ዳግም ቢገኝ ያንኑ መንገድ ሳይመርጥ እንደማይቀር ሳይደብቅ ገለጸ።

ከጨዋታውም ተባረረ። የተባረረው ግን ስለ ሰረቀ አይደለም። መስረቁ የተፈቀደ ነው። የተከለከለው የኒው ኤደንን ገንዘብ አውጥቶ በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ ነው። ከኖቬምበር 2008 ጀምሮ በእውነተኛ ገንዘብ የጨዋታ ጊዜ ገዝተህ፣ እርሱን በገበያ ሸጠህ አይ ኤስ ኬ ማግኘት ትችላለህ፤ በዚያው በር ተመልሶ መውጣት ግን የለም። የብዙ ሰው ቁጠባ ብትበላ ሕጋዊ ነህ፤ በበላኸው ለልጅህ መድኃኒት ብትገዛ ወንጀለኛ ነህ። በእኛ ባንክ የተገላቢጦሽ ነው ብዬ ነበር መጀመሪያ ያሰብሁት። ቆይቼ ሳስበው ያን ያህልም አይገለባበጥም።

እዚህ ላይ ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ፤ ባልጽፈው ይህን ሁሉ ያነሣሁበት ምክንያት አይገባም። ስሙንም ቅርንጫፉንም አልጠራም። ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት ዋና ገንዘብ ያዣችን ጋሼ የምንለው ሰው ነበር። የካዝናው ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ በእርሱ፣ አንዱ በእኔ እጅ። ማታ የታሰረውን ብር አብረን ቆጥረን አብረን እንፈርማለን። ሥራውን ያስተማረኝ እርሱ ነው፤ የተጣጠፈ ብር እንዴት እንደሚቃና፣ ሐሰተኛው በጣት እንዴት እንደሚለይ፣ የተበሳጨ ደንበኛ እንዴት እንደሚበርድ። ሴት ልጁ ኩላሊቷን ታመመች። በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ታዘዘላት። መዋጮ አወጣን፤ ለሁለት ሳምንት በቃ።

አንድ ዓርብ ማታ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሲቆጥር አየሁት። «አንተ ሂድ ልጄ፣ ታክሲ ያልቅብሃል፤ እኔ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። እኔም ሳልቆጥር ፈርሜ፣ ቁልፌንም ሰጥቼው ሄድሁ። ያ ዓርብ የመጀመሪያው ነበር፤ የመጨረሻው አልነበረም። ተቆጣጣሪዎቹ በድንገት ሲመጡ ከታሰሩት እሽጎች ውስጥ ወደ 90 ሺህ ብር ጎደለ። እርሱን ፖሊስ ወሰደው። ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ሳልቆጥር ብፈርምም ስላላተረፍሁ ቀለል አድርገው አዩልኝ። ጋሼ በምርመራው ጊዜ ቁልፉን እኔ እንደሰጠሁት አንድም ቃል አልተነፈሰም። ከመሳቢያዬ እንደ ወሰደው ተናግሮ ጥፋቱን ጠቅልሎ ወሰደ። እኔም እንዲህ አይደለም አላልሁም።

ሽማግሌውን ስለ አውስትራሊያዊው የጠየቅሁት ይህን በልቤ ይዤ ነው። 4 ቢሊዮንህን የበላውን ሰው ምን አልኸው ብዬ ጻፍሁለት። መልሱ ዘገየ፤ የሄደ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ልጁ መታመሙን ባነበብሁ ቀን የራሴ ልጅ 7 ዓመቱ ነበር። ቢጠይቀኝ እሰጠው ነበር። ግን ቢጠይቀኝ አላምነውም ነበር። እዚያ አገር እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፤ ለ6 ዓመት የተማርነው እሱን ነው።» ስለ ጋሼ ልነግረው ጀምሬ ሰረዝሁት። በእንግሊዝኛ «ጋሼ» የሚለውን ቃል ማግኘት አቃተኝ፤ ያለዚያ ቃል ደግሞ ነገሩ ተራ ስርቆት ይሆናል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የኒው ኤደን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው፤ በየመጽሐፉ ተጽፏል። አንድሩ ግሮን የተባለ ጋዜጠኛ በ2016 የግዛቶቹን ጦርነት ራሱን በቻለ የታሪክ መጽሐፍ አውጥቶታል። በ2012 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ጨዋታውን ከስብስቦቹ ውስጥ አስገባው። በጃንዋሪ 2014 እስከዚያ ጊዜ ድረስ በዓለሙ ታሪክ ከፍተኛ የተባለው ውጊያ ተካሂዶ 75 ግዙፋን መርከቦች ወደሙ፤ ኪሳራው በእውነተኛ ገንዘብ ወደ 300,000 ዶላር ተገመተ። የውጊያው መነሻ ያልተከፈለ የግዛት ሂሳብ ነበር። የክፍያ ቀን አለፈ፣ ግዛቱ ባለቤት አጣ፣ ሺዎች ተዋጉ። ሂሳብ ክፍል ላሉ ባልደረቦቼ ይህን ታሪክ መንገር እወዳለሁ። በ2018 ደግሞ ሲሲፒ በ425 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ የደቡብ ኮሪያ ድርጅት ተሸጠ።

ሽማግሌው በ2017 ክረምት መጨረሻ ላይ አቆመ። ልጁ አድጎ ቤቱ ጸጥ ብሎበታል መሰለኝ፤ ምክንያቱን ግን አልነገረኝም። መርከቦቹን ለማኅበሩ አባላት አከፋፈለ። ለእኔ የደረሰኝ ከ2003 እስከ 2006 የተከላቸው የቦታ ምልክቶች ናቸው፤ ማንም ሰው በነጻም አይወስዳቸውም። ስማቸውን በራሱ አጻጻፍ፣ ከዚህ በር ወደዚያ በር እያለ በተርታ አስቀምጧቸዋል። አንዳንዱ ላይ ቀን አለበት። አንዱ ላይ «ልጁ ዛሬ ቆመ» ይላል።

አንድ እሑድ፣ መብራት በነበረ ሰዓት፣ ወደዚያኛው ምልክት ሄድሁ። መርከቤ ወርዳ ቆመች። ባዶ ኅዋ ነው። በሩ ከኋላዬ 15 ኪሎ ሜትር ላይ ያበራል፤ መርከቦች እየመጡ በቀጥታ አፉ ላይ ያርፋሉ፣ ይገባሉ፣ ይሄዳሉ። ማንም ወደ እኔ አልዞረም። ሰርቨሩ ዘወትር ለጥገና የሚዘጋው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እዚያው ቆየሁ።